ከጨጨሆ እስከ አራዳ፦ የሐውልት ክርክራችን ሲዳሰስ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ሁለት ጊዜ የአገር ዕጣ አልፎበታል። መጀመሪያ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱበት። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጋሪ በማያውቅ ደጋ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያስጠርጋሉ፤ ሠራዊቱ በጠፍር ይጎትታል። በጥቅምት ደብረ ታቦርን የለቀቀው ጉዞ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ከዚያ 62 ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ የራስ ጉግሳ ወሌ የበጌምድር ጦር ከጋይንት ወደ ዋድላ በሚያሻግረው ደጋ፣ በዘቢጥ አካባቢ፣ አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጠመ። የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላንን ለጦርነት ሲያሰልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚህ ደጋ ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንደ አራዳው ወይም እንደ አኖሌው አገር ያነጋገረ ሐውልት የላቸውም። የተጣላንባቸው ሐውልቶች የቆሙት አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ አርሲ፣ አልፎም ለንደንና ሮም አጠገብ ነው። ሆኖም ከዋና ዋናዎቹ የአንዳንዶቹ ታሪክ በዚህ ደጋ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩን ከመናገሻው አደባባይ ሳይሆን ከጋይንት አናት ሆኖ መመልከት ያዋጣል። ከዚህ ሲታይ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሐውልት የሚያጣላን ባለሐውልቱ በሠራው ክፉ ወይም ደግ ልክ አይደለም። የሚያጣላን ዛሬ በስሙ የሚምል ወገንና ስሙን ሲሰማ የሚቆስል ሌላ ወገን ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። እንዲህ ማለቴ በባዶ ሜዳ አይደለም፤ ማስረጃው ራሱ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስመዘበሩ፣ አቃጠሉ። አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይቀር እሳት በላቸው፤ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተጭነው መጨረሻቸው መቅደላ ሆነ፣ ከመቅደላም የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰዳቸው። በጌምድር በአብዛኛው ከድቷቸው ስለነበር የገበሬው ከብትና እህል የጦር ምርኮ ያህል ተቆጠረ። ደብረ ታቦር፣ ዋና ከተማቸው የነበረችው፣ በገዛ እጃቸው ዐመድ ሆነች። ይህን ሁሉ ያደረጉትን ንጉሥ ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ላይ ሐውልት አቁማ ታከብራለች። ሐውልቱ ይነሣ ብሎ ሰልፍ የወጣ ጎንደሬ የለም። የቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ከቆመ ዘመን አልፎታል፤ የዚያን መድፍ ጠፍር በጫንቃው የጎተተ ሰው የልጅ ልጅ አጠገቡ ፎቶ ይነሣል እንጂ አይቆጣም። ዋናው መድፍ ደግሞ እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ሥነ ጽሑፍ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» እና የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» ቃጠሎውን ወደ ኋላ ገፍተው መቅደላ ላይ የተተኮሰችውን አንዲት ሽጉጥ ፊት አመጡ። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል፤ ቴዎድሮስ ወራሽ የላቸውም። ልጃቸው አለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። «የቴዎድሮስ ቤት ነን፣ ሥልጣን ይገባናል» የሚል አልተነሣም። ወራሽ ስለሌላቸው ሁሉም ያነሣቸዋል። ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ ሲሰይም፣ ሲያጣጥለው የኖረውን የነገሥታት ታሪክ ለጊዜው ወደ ጎን ማድረጉ ነበር። እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትን የንጉሡን ጉንጉን ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ሲመልሱም የመንግሥቱ መሪ ሌላ ነበር፤ ደስታው ግን የሁሉ ነበር። የጎንደር አድባራት ቃጠሎ ግን ከነዚህ በዓላት በአንዱም ስሙ አልተነሣም። የሚያስማማ ሐውልት ሁልጊዜ እውነተኛ ሐውልት አይደለም፤ አንዳንዴ የተስማማነው ስለምን እንደማናወራ ነው።

አሁን ወደ አንቺም። ራስ ጉግሳ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ ናቸው፤ የንግሥት ዘውዲቱም ባል ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደረገና ጉግሳ በበጌምድር ተሾሙ። ራስ ተፈሪ (በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ ቅሬታው ገነፈለ። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የጣለው ቦምብ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ጉግሳን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ይሁን የሚል የጳጳሳት ቃል የታተመበት ወረቀት ከሰማይ ወረደ። እስቲ አስቡት፤ ግዝት ከቄስ አፍ እንጂ ከደመና ሲወርድ አይቶ የማያውቅ የደጋ ገበሬ፣ ያውም በዐቢይ ጾም ወራት። መጋቢት 22 ቀን ቦምቡ ተከተለ፣ ጦሩ ተፈታ፣ ጉግሳ ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

ከዚያ ሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጫን አንድ ቀን ሲቀረው፣ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ተገለጠ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ለበዓሉ ገብተው ስለነበር ምርቃቱን አዩት። ንጉሡ የዘውድ ልብሳቸውን ለብሰው ፈረሳቸው አባ ዳኘው ላይ ናቸው፤ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ከበስተጀርባ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከግራ ከቀኝ የፒያሳ ግርግር፣ ከሥሩ አጥርና አትክልት። ዛሬ ሰው ሲያየው የሚያስታውሰው ዐድዋን ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የተመረቀበትን ቀን ላየ ሐውልቱ ሌላም ነገር ይናገር ነበር። አንቺም ላይ የበጌምድርን ጦር የሰበረ፣ የምኒልክን ልጅ ቀብሮ የነገሠ አዲስ ንጉሥ «የምኒልክ ዙፋን ሕጋዊ ወራሽ እኔ ነኝ» እያለ ነበር። ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሡት አባታቸውን ለማሰብ ዘውዲቱ ናቸው ይባላል፤ ሐውልቱ ሲገለጥ ግን እሳቸው የሉም፣ ባላቸውም የሉም። ሐውልት የሚቆምለት ሰው አንድ ነው፤ የሚያቆመው ግን ሌላ ነው። ክርክራችን ሁሉ ስለ መጀመሪያው ሆኖ ሁለተኛውን የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ኢጣሊያኖች ግን ሁለተኛውን አልረሱም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን እንደያዙ ከሮም በመጣ ትእዛዝ የምኒልክን ሐውልት በሌሊት አወረዱት። ባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ሮም ወስደው ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው ወታደሮቻቸው መታሰቢያ በቆመው ሐውልት ሥር አኖሩት። የአክሱምም ሐውልት ተቆራርጦ ሄደ። የዐድዋን ማስታወሻ ከዓይን ካራቁ ዐድዋ የሚጠፋ መሰላቸው። የምኒልክ ሐውልት በነጻነት ማግሥት ተመልሶ ቆመ፤ አንበሳው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ የአክሱሙ በ1997 ዓ.ም. ተመለሱ። እንግዲህ ይህን ሐውልት በሌሊት የማንሣት ልማድ ማን እንዳስተማረን ግልጽ ነው፤ መምህሩን አባረን ትምህርቱን ያዝነው።

የአራዳው ሐውልት ጸብ ዳግም የተነሣው በ1983 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የብሔረሰቦች ፖለቲካ ሲመጣ ምኒልክ ለአንዱ የዐድዋ ድል አባት፣ ለሌላው የደቡብና የምሥራቅ ዘመቻ መሪ ሆነው ተለያዩ። ሐውልቱ ይነሣ የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ተሰማ፤ ሳይነሣም ቀረ። ክርክሩ ግን አልቀረም። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እንደ ቀድሞው ልማድ በዓሉን በሐውልቱ ዙሪያ ለማክበር የወጣው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ፤ ጭሱ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ገባ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዓመቱ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከሐውልቱ ትይዩ ትልቁ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያው ብዙ ጀግኖችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማምጣቱ መልካም ነው። የምኒልክን ሐውልት በማንሣት ፈንታ ሌላ ነገር አጠገቡ ማቆምም ከማፍረስ ይሻላል። ግን አንድ ነገር ልበል። መታሰቢያ የሚሠራው መንግሥት በዚያው አደባባይ ሕዝብን በጭስ በበተነ በዓመቱ ከሆነ፣ ሰው የሚያስታውሰው የሕንፃውን ማማር ሳይሆን ያን ጭስ ነው።

የደርግን ዘመን በአጭሩ እንለፈው፤ እርሱም ራሱ ፈጥኖ ነው ያለፈው። አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ በ1976 ዓ.ም. የቆመው ሌኒን፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በኮበለሉ በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ተገንድሶ ወረደ። ሲወርድ ያለቀሰ አልነበረም። የትግላችን ሐውልት ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት እስካሁን ኮከቡን ተሸክሞ ቆሟል። ከሁሉ የሚገርመኝ ስድስት ኪሎ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልት ነው። ምሥራቅ ጀርመን በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት የሰጠችው ነው፤ ሰጪዋ አገር ከምድር ካርታ ጠፍታለች፣ እርሱ ግን አለ። ተማሪዎች በጥላው ሥር ተቀምጠው ያጠናሉ። በማርክስ ስም «ቀይ ሽብር» አልታወጀም ወይ? ታውጇል። ታዲያ ለምን አንድም ድንጋይ አልተወረወረበትም? መልሱ ቅድም ያልነው ነው፤ ዛሬ በማርክስ ስም ሥልጣን የሚጠይቅ የለም።

ኢሕአዴግ የራሱን ሐውልቶች በክልል በክልል አደለ። መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ የሰማዕታት ሐውልት ቆመላቸው። የባሕር ዳሩ ዐባይ ዳር ነው፤ ቦታው ያማረ፣ ነፋሻማ፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት። የቆመው ከደርግ ጋር ሲዋጉ ለወደቁት የኢሕዴን፣ በኋላም ብአዴን ለተባለው ድርጅት ታጋዮች ነው። ልጆቹ ሞተዋልና መታሰቢያ ይገባቸዋል። ነገር ግን በደርግ በኩል የተሰለፈው፣ ብዙው በግድ የታፈሰ የገበሬ ልጅስ? ከጋይንትና ከስማዳ አንዱ ወንድም ጫካ ገብቶ፣ ሌላው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ የተጋጠሙበት ቤት ጥቂት አይደለም። እናቲቱ ያለቀሰችው ለሁለቱም ነው፤ ሐውልቱ የሚያለቅሰው ግን ለአንዱ ብቻ ሆነ።

በ2006 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ከዚህ ሁሉ በላይ አነጋገረ። የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። በምኒልክ ዘመን ራስ ዳርጌ በመሩት የአርሲ ዘመቻ በሕዝቡ ላይ ተፈጸመ የሚባለውን እጅና ጡት የመቁረጥ ግፍ ለማስታወስ ቆመ። አንዱ ወገን «አያቶቻችን ሲነግሩን የኖሩት ሐዘን በመጨረሻ ድንጋይ ሆነ» አለ፤ ሌላው «ሰነድ የሌለው ፈጠራ ነው፣ ጥላቻ ለመዝራት የቆመ» ብሎ ተቆጣ። የአርሲ ዘመቻ ዓመታት የፈጀና ብዙ ሰው ያለቀበት ጦርነት እንደነበር የሚክድ የታሪክ ጸሐፊ የለም። ስለዚህ አርሲዎች ሙታናቸውን ለማሰብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። የእኔ ቅሬታ ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሐውልቱ የሟቾቹን ስም፣ ኑሮና አገር አይነግረንም፤ የሚያሳየው የቆራጩን ሥራ ነው። ግፉን ብቻ ቀርጾ ሰዎቹን የተወ ሐውልት ለሐዘንተኛው ዕረፍት አይሰጥም። ደግሞም የአኖሌን ሐውልት የሚቃወም ሰው ብዙ ጊዜ የአራዳውን ይወዳል፣ የአራዳውን የሚጠላም የአኖሌውን። ሁለቱም አንዱን ሐውልት «ታሪክ»፣ ሌላውን «ፖለቲካ» ይላሉ። ሁለቱ ሐውልቶች ግን ሁለቱንም ናቸው።

ይህ ቁርሾ ድንበር የተሻገረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ማታ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግሥቱ በተነሣው ቁጣ ሐረር ላይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት ተገነደሰ። በዚያው ቀን ከሐረር በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ለንደን ዊምብልደን ውስጥ ካኒዛሮ በተባለ የሕዝብ መናፈሻ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የድንጋይ ምስል ተሰባብሮ ወደቀ። ይህ ምስል መንግሥት ያቆመው አይደለም። ንጉሡ በስደት ዘመናቸው ያረፉባት ሂልዳ ሰሊግማን የተባለች እንግሊዛዊት በገዛ እጇ የቀረጸችው ነው። ቤቷ ሲፈርስ ነው ወደ መናፈሻው የተወሰደው። ዛፍና ጽጌረዳ መካከል ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌዎች ሲያልፉበት የኖረ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ብዙው የአካባቢው ሰው የማይጠይቀው ምስል ነበር። የኢትዮጵያ ንዴት በአንድ ሌሊት ደረሰበት። ምስሉ የቆመለት የአንድ ስደተኛ ሐዘን ነበር፤ የፈረሰው ግን እንደ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ነው። ሀጫሉን የገደለው ድንጋዩ አለመሆኑን የሰባበሩትም ያውቃሉ። ግን የሚከሰስ ሰው ሲጠፋ ድንጋይ ይከሰሳል።

ስለ መናፈሻ ካነሣን አይቀር አፊሌን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከሮም በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. መናፈሻዋ ውስጥ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ አስመረቀች፤ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት በግንባሩ ላይ የተጻፉበት ሕንፃ ነው፣ ከክልሉ የሕዝብ ገንዘብ 127,000 ዩሮ ወጥቶበታል። ግራዚያኒ ማለት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ አዲስ አበባን ለሦስት ቀን ያስጨፈጨፈ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስረሸነ ነው። የአዲስ አበባውን ሟቾች ቁጥር ኢትዮጵያ 30,000 ትላለች፤ ዝቅ አድርገው ከሚቆጥሩት ተመራማሪዎችም ወደ 20,000 የሚያደርሱት አሉ። ለዚህ ወንጀል አንድ ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። የታሰረው ከናዚ ጋር በማበሩ ነበር፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ተፈታ።

መታሰቢያው እንደተሰማ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከሮም እስከ ኒው ዮርክ ተቃውሞ ወጡ። የአፊሌ ከንቲባና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ በ2010 ዓ.ም. ተፈረደባቸው፤ ኋላ የሰበር ችሎቱ ፍርዱን ሻረው፣ ሕንፃውም አልፈረሰም። የሚያሳፍረው ግን የኛው ነው። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ይህንኑ የግራዚያኒ መታሰቢያ ለመቃወም የተሰበሰቡ ሰዎች በፖሊስ ተይዘው ታሰሩ። ግራዚያኒን በሰማዕታቱ ሐውልት ሥር መቃወም ሲያሳስር ያየ ሰው፣ ሐውልት የሙታን ነው የሚለውን ለማመን ይቸገራል።

በዓለም ያለውም ከኛው አይርቅም። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ግፊት የሴሲል ሮድስን ሐውልት በ2007 ዓ.ም. በክሬን አነሣ። የእንግሊዟ ብሪስቶል ሕዝብ በ2012 ዓ.ም. የባሪያ ነጋዴውን ኮልስተን ጎትቶ የወደቡ ውኃ ውስጥ ጣለው። ከተማዋ ከዚያ ያደረገችው ነው የሚያስተምረው፤ ከውኃ አውጥታ፣ የተቀባውን ቀለም ሳታጥብ፣ በጀርባው አስተኝታ ሙዚየም አስገባችው። የቆመበትንም የወደቀበትንም ታሪክ አብራ ጻፈችለት። ቡዳፔስት የኮሚኒስት ዘመን ሐውልቶቿን ሰብስባ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ መናፈሻ አደረገቻቸው። እኛ ግን ወይ በጠራራ ፀሐይ በቁጣ እናፈርሳለን፣ ወይ በሌሊት በክሬን እናነሣለን፤ ሦስተኛ መንገድ ያለን አይመስልም።

አለን እንጂ። አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጥይት የወደቁት ጳጳስ ሐውልት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ዋሻ ሲባል ተነሣ። ያኔ ሕዝቡ አላመነም፤ «አይመለስም» ተባለ፣ የተነሣ ዕለትም ብዙ ሰው ቆሞ አለቀሰ። ሐውልቱ ግን በብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። የተሳካው ቀላል በሆኑ ነገሮች ነው፤ ለምን እንደሚነሣ ተነገረ፣ የት እንደሚቀመጥ ታወቀ፣ ቃል ተገባ፣ ቃሉም ተፈጸመ። ለመሐንዲሶች ያደረግነውን ለታሪክ ክርክር ማድረግ ለምን ያቅተናል?

ይህ ጥያቄ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሩቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ቆይተው ሲለቁ፣ ጥለውት የሄዱት የተዘረፈ ጤና ጣቢያና የተሰበረ ሱቅ ብቻ አልነበረም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያነጋገራቸው 16 የከተማዋ ሴቶች መደፈራቸውን ተናግረዋል። ይህ ቁስል ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል በሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ። ጦርነት ያለፈበት አገር ውሎ አድሮ ሐውልት ማቆሙ አይቀርም። የሚቆመው የጠመንጃ ምስል ይሆን? ድል አድራጊው ማን እንደሆነ በሚናገር ጽሑፍ? ወይስ ስማቸውን ሊናገሩ የማይችሉ ሴቶችን ሳያዋርድ የሚያስብ ነገር? የኋለኛው ከባድ ነው። ለተዋጊ ሐውልት ማቆም ሁሉም ያውቅበታል፤ በቤቷ ውስጥ ለተጎዳች ሴት ግን ገና አልተማርንም። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። ሐውልት አንፈልግም፣ የሚያክም ሐኪም ስጡን ቢሉ ያ መልስ መከበር አለበት።

ለአንቺምም የምጠይቀው አለኝ። የጉግሳ ወሌ ሐውልት ይቁም እያልኩ አይደለም፤ ተሸናፊን በድንጋይ ማንገሥ አሸናፊን እንደማንገሥ ያለ ስሕተት ነው። ነገር ግን ያ ሜዳ የሁለቱንም ወገን ሙታን የሚያነሣ አንድ ግልጽ ጽሑፍ ይገባዋል፤ የደጃዝማች ሙሉጌታ ጦር ወታደርም ከደሴ በኩል መጥቶ እዚያው ቀርቷል። ጽሑፉ አውሮፕላኑን፣ ውግዘቱን፣ የዘውዲቱን ሞትና ከሰባት ወር በኋላ አራዳ ላይ የተገለጠውን ሐውልት በአንድ ገጽ ቢያስቀምጥ፣ የአራዳውን ሐውልት የሚወድም የሚጠላም ሰው ስለ ምን እንደሚከራከር በደንብ ያውቃል። ለጨጨሆም እንዲሁ። የሴባስቶፖልን ጉዞ ስንተርክ የንጉሡን ቆራጥነት ብቻ ሳይሆን ጎታቹን ገበሬና የተቃጠለውን ደብረ ታቦር ጭምር እንጻፍ። የጎንደር ልጅ ቴዎድሮስን መውደዱን አይተውም፤ የሚወደውን ሰው ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን፣ ወደ ወረዳዎቹ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና ወደ አድባራቱ አለቆች ነው። የአንቺምን ወሬ ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ አዛውንት ዛሬም በየደብሩ አሉ፤ ነገ አይኖሩም። በ2013 ዓ.ም. የሆነውንም ያዩት አሁንም እዚያው ናቸው። ቃላቸውን መዝግቡ፣ ስም የሚነሣበትንና የማይነሣበትን ከራሳቸው ጋር ተመካከሩ። ሐውልት ይቁም ከተባለም ንድፉንና የሚጻፍበትን ቃል ሕዝቡ ፊት በቀን አቅርቡና ያስተካክለው። ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ ይቦካ።